ገበያ ያልደረሰው ጋቢ

አንድ አለቃ ድንበሩ የሚባል አዋቂ ነበር። ንጉሡ ያሠራው ነገር ይበጅ አይበጅ ሲጠራጠር የሚልከው እሱን ነው። አለቃ ሰው ባወራው አያምንም፤ ራሱ ሄዶ ይቆጥራል። ቆጥሮ ከጨረሰ ደግሞ የወለደው አባቱ ቢለምነው ቃሉን አያጥፍም።

ንጉሡ ትዳራቸው ፈርሶ ልጆቻቸው እናት ዘንድ ለሚያድጉ ድሃ አባቶች በአንድ ወረዳ የሽመና ማስተማሪያ ቤት ከፍቶ ነበር። ሁለት ዓመት ሲሞላ መኳንንቱ «ቀለብ ፈጀ እንጂ ምን ፈየደ?» ብለው አጉረመረሙ። ንጉሡም «አለቃ፣ ሂድና እይልኝ። አይረባም ካልከኝ እዘጋዋለሁ» ብሎ ላከው።

አለቃ ሦስት ቅዳሜ ገበያ ተቀምጦ ቆጠረ። ከተማሩት አርባ አባቶች ሸማ ይዘው የወጡት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። «በቃ፣ ይዘጋል» አለ በልቡ። ሊመለስ ሲነሳ ከተማሪዎቹ አንዱ የነበረው አዝመራው ጆንያ ተሸክሞ ሲያልፍ አየውና ጠራው።

«አንተ፣ ሽመና ተምረህ አልነበር እንዴ?»

«እጄ አልታዘዝ አለኝ ጌታዬ። አንድ ጋቢ ብቻ ሠራሁ፤ እሱም ጠርዙ ጠማማ ነው።»

«ታዲያ የት አለ?»

«ልጄ ለብሳዋለች። የመምህራችን ሕግ ነው፤ የመጀመሪያ ጋቢ አይሸጥም፣ በሰውም አይላክም። አባት በገዛ እጁ ወስዶ ልጁን ያለብሳል። እኔማ ባዶ እጄን አልታይም ብዬ አራት ዓመት በደጃቸው አላለፍኩም ነበር።»

አለቃ ይህንንም ሳያምን ወደ ልጅቱ እናት ወደ እማዋይሽ ሄደ። «ድህነቱ እንዳለ ነው፤ እኔና እሱም አልታረቅን» አለችው ሳትሸሽግ። «ግን ጋቢውን ካመጣ ወዲህ አንድም እሑድ አልቀረ። ከፈለጉ ልጅቱን ይጠይቋት።»

«አባትሽ የት ነው?» አላት ልጅቱን።

«ዛሬ ገበያ ጆንያ ይሸከማል። ነገ እኛ ጋ ይመጣል» አለች ልጅቱ፣ ይህም ይጠየቃል እንዴ በሚል ዓይን እያየችው።

አለቃ የአርባውም አባቶች ልጆች የሚያድጉበትን የእናቶች ቤት ዞሮ ከየቤቱ አንድ አንድ ልጅ ያንኑ ጠየቀ። ሠላሳ አንዱ አባታቸው ያለበትን ያውቃሉ። ከዚያ ማስተማሪያ ቤቱ ወዳልተከፈተበት አጎራባች ወረዳ ተሻገረ፤ እዚያም እንደነዚያው ትዳራቸው የፈረሰ ድሃ የሆኑ የአርባ አባቶችን ልጆች ጠየቀ። የመለሱለት ሰባት ናቸው። የቀሩት እናታቸውን ቀና ብለው አዩ።

አለቃ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ዕድሜ ልኩን ሲቆጥር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቆጥሮ አያውቅም፤ እንባው መጣ።

ንጉሡ ፊት ሲቀርብ እንዲህ አለ፦ «ጃንሆይ፣ ሸማኔ አወጣ ወይ ካሉኝ በቅጡ አላወጣም፤ ትምህርቱ ይታረም። አባት አወጣ ወይ ካሉኝ ግን አጀብ ነው! እኔ ገበያ ተቀምጬ የምጠብቀው ጋቢ ልጆች ትከሻ ላይ ነበር።»

ንጉሡም ቤቱ እንዳይዘጋ አዘዘ። በዚያው ዓመት በአጎራባቹ ወረዳም ሁለተኛ ቤት ተከፈተ።

ወገኖቼ፣ መልካም ሥራም ቢሆን ይመዘን፤ ሳይመዘን የተመሰገነ ብዙ አታሎናል። መዛኙ ግን አስቀድሞ «ይህ ለማን ተብሎ ተሠራ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ያንን ሰው ሳያይ አይፍረድ። እርስዎስ፣ ልጁን የጣለ ጨካኝ ነው ብለው የፈረዱበት ያ አባት የራቀው እጁ ባዶ ሆኖ አፍሮ ቢሆንስ?