ግልባጭ ያልነበራት ደብዳቤ

አንድ ድርጅት ነበረ። ሲመሠረት ሰባት ሠራተኞችና አንድ የብረት መደርደሪያ ብቻ ነበረው። ሠራተኛው ሦስት መቶ ሲሞላ መደርደሪያው አልበቃ አለ። ስለዚህ ወረቀቱ ሁሉ ስካን ተደርጎ ክላውድ የሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ ገባና ዋናው ከግቢው ጀርባ ተቃጠለ። እሳቱን የለኮሱት ዘበኛው ጋሽ ቢራቱ ነበሩ።

ማከማቻውን የሚጠብቀው ፈለቀ የሚባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ከአቧራ ተገላገልኩ ብሎ ደስ ብሎት ነበር፤ ደስታው ግን አልቆየም። በዚያ ቤት ደብዳቤ ሲጻፍ ከግርጌው ግልባጭ ይደረደራል፤ ለአስተዳደር፣ ለፋይናንስ፣ ለግዥ፣ ለቁጥጥር። ግልባጭ የደረሰው ሁሉ ደግሞ «ነገ ብጠየቅ ማስረጃ ይሆነኛል» እያለ በየራሱ ፎልደር ያስቀምጣል። የእንቁጣጣሽ የመልካም ምኞት ደብዳቤ እንኳ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ቦታ ተቀምጦ ተገኘ።

ማከማቻው ሞላ። ተጨማሪ ቦታ ተገዛ፤ እሱም ሞላ። እንደገና ተገዛ፤ እንደገና ሞላ።

ፈለቀ በየቢሮው እየዞረ ይለምን ጀመር።

«እባካችሁ፣ ድግግሞሹን አጥፉልኝ።»

«የኛን ተወው፣ የግዥን አጥፋ» አለችው የፋይናንስ ኃላፊዋ።

የግዥው ኃላፊ ደግሞ ሳቀበት። «ምን ነካህ ፈለቀ? ኦዲተር ሲመጣ አንተን ላሳየው?»

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁም ታከታቸው። «ከእንግዲህ ቦታ አልገዛም» አሉ። «ሁለት ዓመት ማንም ያልከፈተው ፋይል ይጥፋ። ባለቤት የሌለውን ብታጠፋ የሚጮህብህ የለም።»

ፈለቀ ፈሪ ሰው ነበርና አንድ በአንድ አይቶ ሊያጠፋ ተነሣ። ሁለት ቀን ዐይኑ እስኪቀላ አየ። አርባ ሺህ ፋይል ይቀረው ነበር። በሦስተኛው ቀን ደከመው። የቀረውን በአንድ ጊዜ መርጦ አጠፋ፤ የተጣለው የሚጠራቀምበትንም ቅርጫት ባዶ አደረገ። የእንቁጣጣሹ ደብዳቤ ግን ተረፈ፤ በየዓመቱ ቀኑን ቀይሮ መልሶ ለመላክ ሁሉም የየራሱን ይከፍታልና። እውነትም የጮኸ ሰው አልነበረም።

በወሩ ጋሽ ቢራቱ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ጡረታ ሊወጡ ነው። የጡረታ መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤያቸውን ጠይቋል። ያለ እሷ የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታት አይቆጠሩላቸውም።

ፈለቀ በስማቸው ፈለገ፤ በዓመቱ ፈለገ። የለችም።

«ጋሽ ቢራቱ፣ ደብዳቤዋ ለማን ለማን ግልባጭ ተደርጎ ነበር?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ለዘበኛ ማን ግልባጭ ያደርጋል ልጄ? አንዲት ወረቀት ነበረች። እሷንም ክላውድ ላይ አለች ስላላችሁኝ በገዛ እጄ አቃጠልኳት።»

«ክላውድ ላይ የነበረችውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ ፈለቀ። «ሳላያት።»

ጋሽ ቢራቱ ኮፍያቸውን በእጃቸው አገላበጡ። «ምስክር እንዳልጠራ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ሠራተኞች በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ኮፍያቸውን አጥልቀው በሩን ሊከፍቱ ሄዱ። ፈለቀ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳፈጠጠ ቀረ። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ቦታ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል።

ወዳጆቼ፣ ቤት ሲጠብ ቀድሞ የሚጣለው ጠያቂ የሌለው ነው። በፍርሃት ያከማቸነው ኮተት ቦታውን ሲሞላ፣ የሚገፋው ድምፅ የሌለውን ሰው ነው። ስለዚህ ቦታ ከመጨመራችንም ሆነ ከማጥፋታችን በፊት «ይህች ብትጠፋ የማን ዕድሜ አብሮ ይጠፋል?» ብለን እንጠይቅ። መጠየቁ ያደክማል፤ አውቃለሁ። ፈለቀም ያጠፋው ስለደከመው ነበር።

በእናንተ ቤትስ ግልባጭ የሌለው ማን ነው?