የአንዳርጌ ባሌስትራ

በሐይቅ ከተማ ጎረቤቱ ፎቅ ጀመረ ብሎ በአንድ ክፍል ቤቱ ደጃፍ ላይ ምሰሶ የሚደረድር ሰው አይጠፋም። ሽማግሌዎቻችን እንዲህ ያለውን ሲያዩ አንድ አባባል ጣል አድርገው ያልፋሉ። የሌላ አገር ሰው ሲሰማው የመካኒኮች ወሬ ይመስለዋል። እኛ ግን አባባሉ ከማን ደጅ እንደ ወጣ እናውቃለን፤ ከአንዳርጌ ደጅ ነው።

አንዳርጌ አብራው ያረጀች ሰማያዊ ፒክአፕ ነበረችው። በአዘቦት ቀን ጤፍና ሽንኩርት ትጭናለች። በሠርግ ቀን ግን ከሙሽሮቹ መኪና ፊት የምትሄድ እሷ ናት። ቪዲዮ አንሺው ከኋላ ጭነት መጫኛዋ ላይ ይቆምና ፊቱን ወደ ሙሽሮቹ አዙሮ ይቀርጻል፤ አጀቡ ሁሉ እሷን ይከተላል። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲሄድ ማንም ሳንቲም ከፍሎት አያውቅም፤ ለአንዳርጌ ክብሩ ይበቃው ነበር።

ታዲያ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የሚኖረው ይርጋ ነጭ ፒክአፕ ገዛ። ሥሪቷም ዕድሜዋም ከአንዳርጌ መኪና ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው ቀለሟ ብቻ። በዚያው ወር አንድ ሠርግ ላይ ከፊት እንዲሄድ ይርጋ ተጠራ። አንዳርጌ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ይርጋ ደግሞ ለመጥላት እንኳ አይመችም፤ ሰው ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ ሰላም የሚል፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። አንዳርጌን ይበልጥ ያንገበገበውም ይኸው ነበር።

ይርጋ ከመኪናው ፊት ቀጭን የቧንቧ መከላከያ ሲያስገጥም፣ አንዳርጌ ከፈረሰ የእህል መጋዘን የወጣ ወፍራም ብረት አስበየደ። ይርጋ አንድ ክላክስ ሲጨምር፣ እሱ ሦስት ጨመረ። ይርጋ ምንም ሳይጨምር በቀረበት ወር ደግሞ አንዳርጌን ጭራሽ አላስቻለውም፤ ከአሮጌ የጦር መኪና የተነቀለ፣ ገመዱ የተበጠሰ፣ የማይሠራ የመኪና መጎተቻ ዊንች ፈልጎ ከብረቱ ላይ አሳሰረ። ዊንቹን ያነሡት አራት ሰዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሰማያዊዋ አንገቷን ደፋች። መብራቷ መንገዱን ትቶ አፍንጫዋ ሥር ያበራ ጀመር። ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ከሥሯ «ጓ» ይላል፤ መሪው ሲዞርም የፊት ጎማዋ ከላዩ ያለውን ፓራፋንጎ ይፍቃል።

«ዓይን ነው» አለ አንዳርጌ ለሚስቱ ለዘሪቱ። «የይርጋ ዓይን ነው የጣላት።»

«ይርጋ የራሱ አለው፤ ያንተን ምን ብሎ ያያል?» አለችው።

የታላቅ እህቱ የጥሩነሽ ልጅ እመቤት ልትዳር ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ጥሩነሽ መጥታ መኪናዋን ከፊትም ከጎንም አየቻትና፣ «ወንድሜ፣ ይቺ ነገር የልጄን አጀብ መንገድ ላይ እንዳታስቀርብኝ። የማትሆን ከሆነ ለይርጋ እንንገረው» አለችው።

አንዳርጌ በገዛ እህቱ ልጅ ሠርግ ከይርጋ ኋላ ከሚሄድ፣ መኪናዋን ሐይቁ ውስጥ ቢነዳት ይሻለው ነበር። በዚያው ቀን ጋሽ ሙሄ ጋራዥ ገባ።

ጋሽ ሙሄ የከተማው አንጋፋ መካኒክ ናቸው፤ ቸኩለው ቁልፍ አያነሡም። መኪናዋን ሲሚንቶ በፈሰሰበት ደልዳላ ቦታ አስቆሙና ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በክር ለኩ። በግራም ለኩ፣ በቀኝም ለኩ።

«አንዱ ጎን ብቻ ቢወርድ ተሰብሮ ነው እል ነበር» አሉ። «ሁለቱም እኩል ነው የወረዱት።» ከሥር ገብተው ሲወጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መኪናዋን ከጎማው በላይ የሚሸከመው ባሌስትራ እንደ ቀስት ጎበጥ ማለት አለበት። ያንተ እንደ ጣውላ ተዘርግቷል።»

«አርጅቶ ነው?»

«እርጅናውስ አለ። ግን ይሄን ሁሉ ብረት ማን ጫን አለህ?»

«ለጥንካሬ ነው።»

«ለጥንካሬ» አሉ ጋሽ ሙሄ፤ ቁልፋቸውን አነሡ።

ብረቱን ከነኮተቱ ፈትተው ግድግዳ አስደገፉት። መኪናዋን በክሪክ አንሥተው አሮጌውን ባሌስትራ አወለቁና አዲስ ገጠሙ። ሲያወርዷት ሰማያዊዋ እንደ ልጅነቷ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ብረቱ እዚሁ ይቅር፤ አደራ» አሉት። «አሮጌውን ባሌስትራስ ትወስደዋለህ?»

«ምን ሊያደርግልኝ? ይጣሉት።»

አንዳርጌ እያፏጨ ወደ ሰፈሩ ነዳ። ዘሪቱ ከደጅ ቆማ ስታያት ፊቷ በራ።

«እሰይ፣ አሁን ገና መኪና መሰለች» አለች። «ቁርጥ የይርጋን።»

ምስኪን፣ ያመሰገነችው መስሏት ነው። የአንዳርጌ ደስታ እዚያው ደጃፉ ላይ አለቀ። ያን ሁሉ የደከመው የይርጋን ለመምሰል ነው እንዴ? በማግሥቱ ጋሽ ሙሄ ለጁምዓ ሶላት ሲሄዱ ጠብቆ፣ ብረቱንም ክላክሱንም ዊንቹንም ከጋራዡ አስጭኖ ወሰደ። በያጁ መልሶ ሲገጥምለትም ሁለት ትልልቅ መብራት አስጨመረበት። «አዲስ ባሌስትራ ነው፤ ይችላል» አለ።

የሠርጉ ቀን አጀቡ ፎቶ ለመነሣት ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ። አንዳርጌ ከፊት ሆኖ በሦስት ክላክስ ከተማውን ያደነቁረዋል። ይርጋ ከሁሉም ኋላ ነው፤ የቢራና የለስላሳ ሳጥን ከመር አድርጎ ቀስ እያለ ይከተላል። አንዳርጌ በመስታወት ደጋግሞ የሚያየው ሙሽሪትን ሳይሆን እሱን ነበር።

መንገዱን ጎርፍ የቆረጠበት ቦታ አለ፤ የአገሩ ሾፌር ሁሉ ፍጥነት ቀንሶ ነው የሚያልፈው። የአንዳርጌ ዓይን ግን መስታወቱ ላይ ነበርና እንዳለ ዘሎ ገባበት። የመኪናዋ አፍንጫ ወረደ፤ ያ ሁሉ ብረት መሬቱን እንደ ማረሻ ወጋውና ታጥፎ ጎማው ውስጥ ገባ። ቪዲዮ አንሺው ካሜራውን እንዳቀፈ ከጋቢናው ጣሪያ ጋር ተላተመ። ደግነቱ ከመደንገጥ በቀር ምንም አልሆነም።

መኪናዋ ወደፊትም ወደኋላም እምቢ አለች። ይርጋ ክሪክ ይዞ ከኋላ እየሮጠ መጣና አዲስ ልብሱን ሳይሳሳለት ከሥሯ ተንጋለለ። አንዳርጌ ሊስቅብኝ ነው ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ባለመሳቁ ይበልጥ ተናደደ።

ጥሩነሽ ከመኪና ወርዳ መጣች። ወንድሟን ቀና ብላ አላየችውም። «ይርጋ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅብን ባክህ አንተ ቅደም» አለች።

ይርጋ አቧራውን እያራገፈ ወደ አንዳርጌ ዞረ። «ልቅደም?» አለው።

አንዳርጌ በእጁ እለፍ አለው።

ቪዲዮ አንሺው ሳጥኖቹ መሐል ወጥቶ ቆመ። ነጯ ፒክአፕ ከሰማያዊዋ ጎን በቀረው ጠባብ ቦታ ያን ሁሉ ጭነት ይዛ ቀስ ብላ ገባች፣ ቀስ ብላም ወጣች፤ አንድ ጊዜ እንኳ «ጓ» አላለችም። የሙሽሮቹ መኪና ተከተላት። እመቤት በመስኮቱ ወጥታ ለአጎቷ እጇን ብታውለበልብም አላያትም፤ ያይ የነበረው የነጯን ባሌስትራ ነው።

ከእድምተኞቹ ጋር የመጡት ጋሽ ሙሄ ኮታቸውን አውልቀው የተጣመመውን ብረት መፍታት ጀምረው ነበር።

«ጋሽ ሙሄ» አለ አንዳርጌ፣ «ለይርጋ የገጠሙለት ባሌስትራ የየት አገር ነው? ለኔ ተራውን ሰጥተውኝ ነው አይደል? የሱን ዓይነት ይግጠሙልኝ።»

ጋሽ ሙሄ ቁልፉን መሬት አስቀመጡ።

«የሱም በዕድሜ ወርዶበት ነበር። አዲስ ቢያጣ፣ አንተ ይጣሉት ያልከኝን አስቀጥቅጬ፣ እንደ ቀድሞው አጉብጬ ገጠምኩለት። አሁን ያን ሁሉ ሳጥን ተሸክሞ ያለፈው ያንተው አሮጌ ነው» አሉት፤ ከዚያ መሬቱ ላይ የተተከለውን ብረት እያዩ፣ «አየህ ልጄ፣ ቅናት የጫነውን ባሌስትራ አይችለውም» አሉ።