ውሻው የተኛበት ጉድጓድ

አንድ ገበሬ ነበረ። የዓመት ማሽላውን ደጁ ላይ በቆፈረው ጉድጓድ ከቶ፣ አፉን በድንጋይና በጭቃ መርጎ፣ እስከ ክረምት ማንም እንዳይነካው አለ። ሚስቱ ገና ከአራስ ቤት መውጣቷ ነው፤ የሚጠባ ሕፃን አላት። ጡቷ ወተት የሚይዘው ስትበላ ነው፤ ክረምት ሲገባ የምትበላውም ያው ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

አንድ ሰሞን ያለ ጊዜው ዝናብ ጣለ። ብዙም አልነበረም፣ ወዲያው አባራ። ከዚያ በኋላ ግን ሴትዮዋ ውሻቸውን አየችው። ሁልጊዜ አመድ ላይ ይተኛ የነበረው አሁን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተጠቅልሎ ይተኛል። ብታባርረው ተመልሶ እዚያው ነው። የጉድጓዱን አፍ በእጇ ብትነካው ይሞቃል፤ ልቧ ፈራ።

«አንተ፣ ይኼ ውሻ እዚያ ምን አግኝቶ ነው?» አለችው ባሏን።

«የውሻ መኝታም ያሳስብሽ ጀመር?» ብሎ ሳቀባት። አላስቀምጥ ብትለው ጭቃውን ፈልፍሎ ከላይ አንድ እፍኝ ዘገነ። ማሽላው ነጭ ነው፤ በጥርሱ ቢሰብረው ቀጭ አለ። «በይ እዪ፣ ደህና ነው። ሙቀቱም የፀሐይ ነው።»

በዚያ ሲያልፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ቆም አሉ። «አንተ ልጅ፣ ላዩን አትመን። ረጅም ዘንግ እስከ ሆዱ ስደድበትና ትንሽ አቆይተህ አውጣው። ከዚያ ጉንጭህ ላይ አድርገው። ውስጡ እየነደደ ከሆነ ዘንጉ ይነግርሃል።»

«ደህናውን እህል ልውጋው እንዴ አባባ? ቀዳዳ ከፍቼ ነቀዝ ልጥራበት?» አለና መልሶ መረገው።

ሴትዮዋም ጭቃውን አቀበለችው። እሷም መወጋቱን ፈርታ ነበርና።

ውሻው ግን አልተነሳም። ባሏ ገበያ በሄደ ቀን ልጇን እንዳዘለች አፉን ከፍታ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ሰደደችው። ስታወጣው ጉንጯ ላይ ማድረግ አላስፈለጋትም። እጇን ለበለባት፣ ሽታው አፍንጫዋን ዘጋው። ጎረቤት ተጠርቶ ሲያወጡት፣ ከላይ ካለው ጥቂት በቀር ጠቁሮ፣ ተጣብቆ፣ ድንጋይ ሆኗል። የገባው ውሃ እኮ አንድ ቅል አይሞላም ነበር። እህሉ ነው በገዛ ትኩሳቱ ራሱን የበላው።

የተረፈችው ሐምሌን አላሻገረቻቸውም። ሕፃኑም እሸት አላየም።

አየሽ ጥሩዬ፣ አሁን ከሐኪሙ ክፍል እያለቀስሽ ወጥተሽ «ሳሉ ያለው ደረቱ ላይ፤ የልጄን ደም ለምን ይቀዱብኛል?» አልሽኝ። ሳሉን ያመጣው ቫይረስ ያቺ ጥቂት ውሃ ናት። ብዙው ልጅ ስሎ ስሎ ይድናል፤ አንዱ ግን ሰውነቱ ሊከላከል ሲል ይግልና ራሱን ይጎዳል። ሐኪሞቹ ብግነት የሚሉት ይህንን ነው። አንቺ «ቅድም ስቆልኛል እኮ» ትያለሽ፤ ያ ከላይ የተዘገነው እፍኝ ነው። መርፌዋ ዘንጓ ናት። የበሽታውን ስም አትነግርሽም፤ ውስጡ ምን ያህል እንደነደደ ግን ትጠቁማቸዋለች። ዘንጓ ቀዝቃዛ ወጣች ቢሉሽም እንዳትዘናጊ፣ አተነፋፈሱን እያየሽ ቆዪ። እኔም የልጄ ሲቀዳ ፊቴን አዙሬ ነው የያዝኩት። ይጮኻል፤ ይጩህ። በይ ተመለሽና ክንዱን ያዢላቸው።