የልጓም ቅምሻ

አያ ጅቦ በነገሠበት ሜዳ ሁሉም ነገር በደንብ ነበር የሚሠራው። በግ ቀን ይበላል፣ ጅብ ሌሊት ይበላል። በግ የሚበላው ሣር ነው፤ ጅብ የሚበላውን መጠየቅ ግን ነውር ነው። ከመንጋው አንዱ ሲጎድል «ጠፋ» ይባላል። ጠፋ የተባለ ተመልሶ ባያውቅም፣ አያ ጅቦ ራሱ ለቅሶ ይቀመጥለታል፤ እውነቱን ለመናገር ከእናትየዋ ይልቅ የሱ እንባ ነበር የሚበዛው።

ይህን ሰላም የሚያውከው አንድ ፈረስ ነበር፤ ቦራ ይሉታል። እልኸኛ ነው፣ ለማንም አንገቱን አይደፋም። አያ ጅቦ አገሩን ሊጎበኝ በወጣ ቁጥር ከኮረብታው ላይ ያሽካካል። እሱ ሲያሽካካ መንጋው ነቅቶ ይሰበሰባል፤ መንጋው ሲሰበሰብ አያ ጅቦ ባዶ ሆዱን ይመለሳል።

የቦራን ድምፅ ከማንም አብልጣ የምትፈልገው እመት ፍየል ነበረች። ሁለት ልጆቿ «ጠፍተውባታል»፤ የቀረቻት አንዲት ግልገል ናት። ይህን ግን በአደባባይ ተናግራው አታውቅም። እመት ፍየል በጉባኤ ላይ አስተዋይ መባል ትወዳለች፤ አስተዋይ ማለት ደግሞ ሁልጊዜ መሃል ላይ የሚቆም ይመስላታል።

አንድ ቀን አያ ጅቦ ጉባኤ ጠራ።

«ቦራ ልጃችን ነው» አለ፣ ድምፁን አለዝቦ። «ሲጮህ ጉሮሮው እንዳይጎዳብን ነው የምሰጋው። እንግዲህ ልጓም ይግባለት አይግባለት እያልን ጊዜ አናጥፋ። የሚስማማው የቱ ነው? በነፃነት ተወያዩ።»

የዘብ አለቃው ቀበሮ ብረት ይሁን አለ፤ ጥርስ ያለው ብረት። ቀንበር የለመደው በሬ እንጨት ይሻላል አለ። አህያ ጆሮውን አቁሞ፣ «ቦራ ዝም ካለ እኛን ማን ሊቀሰቅሰን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«አያ አህዮ፣ እባክዎ ከርዕሱ አንውጣ» አለችው እመት ፍየል ራሷ። ከዚያም ጢሟን አስተካክላ ወደ መሃል ገባች። «ጌታችን፣ ብረት አፍ ያቆስላል፤ እንጨትም ይሰነጠቃል። የለፋ ቆዳ ይሁንለት። እልኸኛ የሚያዘው በለዘብታ ነው።»

ጉባኤው አጉረመረመ፤ የአድናቆት ማጉረምረም ነበር። እመት ፍየል ደስ አላት። ቦራን ከብረት ያተረፈችው እሷ እንደሆነች ቆጥራ ኮራች።

አያ ጅቦ ግን ለመወሰን አልቸኮለም። «ጠጅ እንኳ ቀማሽ ሳይቀምሰው ለእንግዳ አይሰጥም» አለ። «በገዛ አፋችን ያልሞከርነውን በልጃችን አፍ አናስገባም። ሁላችንም እንቅመሰው፤ እኔ እንኳ የምቀረው ጥርሴን ስለሚያመኝ ነው።»

ይህ ንግግር ብዙዎችን አስለቀሰ። ጣት ያለው ዝንጀሮ ብቻ ነበርና ልጓሙን እየሠራ፣ ማሰሪያውን ከጆሮ ኋላ እየቋጠረ ያስገባ ጀመር። ቀበሮና ዘቦቹ አርአያ እንሁን ብለው ብረቱን ተሻምተው ጎረሱ። በሬ እንጨቱን ያዘ፣ አህያም ሳይወድ በግድ። እመት ፍየል የለፋውን ቆዳ ተቀበለች። ልጓሙ ምላሷን ተጭኖ ተጋደመ፤ ጨው ጨውና ጭስ ጭስ ይላል። «አይከፋም» ልትል ፈልጋ «እምም» አለች።

«ከበዳችሁ?» አለ አያ ጅቦ። «ይውለቅልኝ የሚል ካለ ሳይፈራ ይናገር።»

በትዕግሥት ጠበቀ። የተናገረ የለም።

«እንግዲያው ቅምሻው ይቀጥል።»

ቦራ ለአፉ ልኬት ቢጠራ አልመጣም፤ አያ ጅቦም አልተቆጣም። ፈረሱ እንደ ድሮው ያሽካካል፤ መንጋው ይነቃል፤ የነቃው ግን ጎረቤቱን መጥራት ስለማይችል ሁሉም በየበረቱ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። የሚጠፋው በዛ። ጉባኤውም ቀለለ፤ አያ ጅቦ ሐሳብ ያቀርባል፣ የሚቃወም ካለ ይጠይቃል፣ ይጸድቃል።

እመት ፍየል የቀበሮን የደማ ከንፈር እያየች «የኔስ ለስላሳ ነው» እያለች በልቧ ትጽናና ነበር። ፍየል ሆና፣ ቆዳ ጎርሳ፣ ልታኝከው አንድ ቀን እንኳ አላሰበችም። የራሷ ሐሳብ ነበረና ሳሳችለት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አያ ጅቦ እንዲህ አለ፦ «ከየቤቱ አንዳንድ ልጅ ወደ እልፍኜ ይግባልኝ፤ በክብር አሳድገዋለሁ። አስተዋይ ናትና ከእመት ፍየል እንጀምር። እመቤቴ፣ ቅር የሚልሽ ነገር ካለ ተናገሪ።»

እመት ፍየል ግልገሏን አየቻት። ግልገሏ የእናቷን እግር ተጠግታ ጭራዋን ትወዘውዛለች። ያን ጊዜ የእመት ፍየል መንጋጋ ከፍርሃት ብዛት ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መንቀጥቀጡ ሳይታወቃት ማኘክ ሆነ። አኘከች። ጉባኤው ይጠብቃል፤ አያ ጅቦ እናት አንጀቷ ተላውሶ ነው ብሎ ራሱን በሐዘን ይነቀንቃል። እሷ ታኝካለች። በመጨረሻ ዋጠችው።

«አልሰጥም!» አለች። ድምፅዋ ሻክሮ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ልጄን አልሰጥም! እነዚያም አልጠፉም፤ አንተ ነህ የበላሃቸው! እኔም እያወቅሁ ዝም ብዬሃለሁ!»

«ያዟት!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ።

እመት ፍየል ግልገሏን ከፊት አድርጋ ወደ ኮረብታው ሮጠች። ቀበሮ ደረሰባት፤ ዘሎም ጭኗን ነከሰ፤ ነከሰ እንኳ አይባልም፣ ብረቱ ከጥርሱ ጋር ተንቋቋና በለሃጭ አርሷት ቀረ። ዘቦቹም ተራ በተራ ሞከሩ። ሁሉም ልጓም ቀማሾች ናቸው፤ መንከስ የሚችል አንድ አልተገኘም። እሷም እየተራገጠች ወጣች። ቦራ እስከ ኮረብታው ወገብ ወርዶ ተቀበላቸው።

አያ ጅቦ ራሱ ሊከተል ተነሣ። የፈረሱን ኮቴ አየና መልሶ ተቀመጠ። ወደ ጉባኤው ዞረ።

«ምን ይሻላል?» አለ። «በሬ፣ አንተስ ምን ትላለህ? ምከሩኝ እንጂ!»

ጉባኤው እንደለመደው ዝም አለ። አያ ጅቦ ፊታቸውን አንድ በአንድ ተመለከተ። ዝምታው ስምምነት ይሁን ሌላ ነገር፣ ያን ቀን መለየት አቃተው።