የአዝመራ ማኅተም

በአንድ ወቅት ካርታ ላይ የሌለች፣ ስልክ ውስጥ ብቻ ያለች አዝመራ የምትባል አገር ነበረች። መቶ ሠላሳ ዜጋ፣ ፓርላማና ፍርድ ቤት ነበራት። በኢንተርኔት ጨዋታ የመሠረቷት ጋሽ መርዕድ የሚባሉ የደብረ ብርሃን ጡረተኛ ናቸው። ጨዋታ ነው ብሎ የሚስቅ ይሳቅ፤ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ከአልጋ የምታስነሳቸው ይህችው አገር ነበረች። ማለዳ ማለዳ «እንደምን አደርክ ታሪኩ፣ ፈተናው እንዴት ሆነ?» እያሉ ዜጎቻቸውን በየስማቸው ሰላም ይላሉ። ስምንት ዓመት ሙሉ የተመረጡትም ለዚህ ነው።

የጨዋታው ደንብ ግን ጨካኝ ነው፤ መሪዋ ሠላሳ ቀን ወደ ጨዋታው ካልገባ አገሪቱ ከነታሪኳ ትጠፋለች። ጋሽ መርዕድ ደግሞ ስትሮክ መታቸው፤ አንደበታቸውና እጃቸውም ተያዙ።

ልጃቸው ሰብለ ጨዋታውን አትወደውም ነበር። ሆኖም ሲሻላቸው አገራቸውን እንዳያጡ ብላ በእሳቸው ስም ገባች። ሁለት ወር አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ አዋጅ ስትፈርም ከረመች።

የተቃዋሚው መሪ ወንድይራድ በምርጫ በጋሽ መርዕድ ሦስት ጊዜ ተሸንፏል። ሰብለ «ውድ ዜጎቼ» ብላ ሰላም ባለች ዕለት ነቃባት። አጋልጧት ወንበሩን መውሰድ ይችል ነበር። እሱ ግን በግል «ታሪኩን ስለ ፈተናው ጠይቂው» ብሎ ጻፈላት፤ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ የምትለውን ይነግራት ጀመር።

የአዝመራን ዳኛ ፍሬሕይወትን ያሳደጓት ጋሽ መርዕድ ናቸው፤ «አባባ» ነው የምትላቸው። ርቃ ስለምትኖር መታመማቸውን አልሰማችም፤ በልደታቸው ቀን ኬክ ይዛ ልትጠይቃቸው ብትመጣ፣ ሰብለን በስማቸው ስትፈርም አገኘቻት። እያለቀሰች ፈረደች።

«በሰው ስም የገባ ይታገዳል ብለው የጻፉት አባባ ናቸው። የእሳቸውን ሕግ እኔ አላፈርስም» አለች።

ሰብለ ታገደች፤ ቀኑም መቆጠር ጀመረ።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን ጋሽ መርዕድ ስልኩን በግራ እጃቸው አንዲት ጣት እየነኩ ገቡ። የሆነውን ሁሉ አነበቡ፤ አለቀሱም። ከእንግዲህ አገር መምራት እንደማይችሉ ያውቁታል። ጨዋታው ደግሞ ለሚሰናበት መሥራች አንድ ነገር ይፈቅድለታል፤ ማኅተሙን፣ ማለትም መሪነቱን፣ ለወደደው ሰው፣ የታገደም ቢሆን፣ ማውረስ። ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ለእኔ ብለህ እንዳትጨነቅ» አለች ሰብለ።

አንገታቸውን ነቅንቀው መጀመሪያ «እንደምን አደራችሁ» ብለው ጻፉ፤ ቀጥለው የመቶ ሠላሳውን ስም፣ አንድ በአንድ። ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። አሁን የቀረው የወራሹ ስም ነው።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ። አገራቸውን በሕይወት ያቆየችላቸው ልጅ፣ ወንበሩ እጁ ላይ ወድቆ ያላነሳው ባላንጣ፣ ወይስ አገሯን የምታጣ ቢሆን እንኳ ቃላቸውን የጠበቀችው ዳኛ? ጋሽ መርዕድ የማንን ስም ይጻፉ?