የተውሶ ቦሎ

አንድ ቀን አቶ ወንድይፍራው የተባሉ የሚኒባስ ባለንብረት ሾፌራቸውን ዳምጠውን እጁን ይዘው እየጎተቱ በደብረ ብርሃን መናኸሪያ ወደሚገኘው የታክሲ ማኅበር ቢሮ ገቡ። ክሳቸው አጭር ነበር፤ «ደህናዋን መኪና አልነዳም አለኝ!» የሚል። ስለ «ደህናዋ መኪና» ግን አስቀድሞ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

ሚኒባሷ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት የምትመላለስ ናት። ምን ያህል መንገድ እንደሄደች በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ሥራውን በገዛ ፈቃዱ ከለቀቀ ዓመታት አልፈዋል። የጣርማ በርን ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኗ ያላዝናል፤ ስትወጣ ደግሞ ሞተሯ ይፈላል። ዳምጠው ዳር ይዞ ራዲያተሩን ውሃ ሲያጠጣ፣ ተሳፋሪዎቹ ከገደሉ አፋፍ ቆመው፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ የአገራቸውን ጭጋግ ያደንቃሉ።

ዳምጠው ነገር ሳይመጣ መዘጋጀት የሚወድ ሰው ነው። ስለዚህ አሳቡን በቅደም ተከተል አሰናድቶ ወደ ባለንብረቱ ቤት ሄደ።

«ጋሼ፣ ሰኞ ሰኞ መንገደኛ የለም። በየሰኞው አንድ አንድ ነገር ብናሠራላት ሥራም አትፈታም፣ ወጪውም አይከብድዎትም። ከሁሉ በፊት ፍሬን ሸራው፣ እሱ የነፍስ ጉዳይ ነው። ቀጥለን ዘይቱንና ፊልትሮውን እንቀይር። ከዚያ ራዲያተሩን እናሳጥብ። የሞተሩን ቺንጋ ደግሞ መንገድ ላይ ሳይበጠስብን እንለውጠው።»

«ቺንጋው ተበጥሷል?»

«ኧረ አልተበጠሰም።»

«ታዲያ ምን አደረገህ?»

«ሲበጠስ እኮ ሞተሩን ይዞት ነው የሚሄደው፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ ይሂድና ያን ጊዜ እናወራለን! መኪና ንዳ ብዬ ብቀጥርህ ሟርተኛ ሆነህ ቁጭ አልክ!»

ከዚህ ተነሥቶ አቶ ወንድይፍራው ጥገና ይጠላሉ ብሎ መደምደም ሐሜት ይሆናል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በቦሎ ምርመራ ዋዜማ፣ ለመኪናዋ ያላቸው ፍቅር ይገነፍላል። በዚያ ምሽት የሚስታቸው ወንድም የአቶ ልሳኑ ሚኒባስ፣ ያው ሞዴል የሆነችውና እንደ ሙሽራ የምትያዘው፣ ወደ ግቢያቸው ትገባለች። ከዚያ መፍታትና ማሰር ነው። የአቶ ልሳኑ ጎማ፣ ባትሪ፣ ራዲያተር፣ ቺንጋ፣ ፍሬን ሸራ፣ ሌላው ቀርቶ የእሳት ማጥፊያው ጭምር ወደ አሮጊቷ ይዛወራል። በማግሥቱ ሚኒባሷ በመርማሪዎች ፊት እንደ ኮረዳ ትሽከረከራለች። ቦሎው ይለጠፋል። በዚያው ማታ ዕቃው ሁሉ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ የአሮጊቷም ዕቃዎች ከተከመሩበት ጥግ ተነሥተው ወደየቦታቸው ይገባሉ። አቶ ወንድይፍራው ይህን «ዓመታዊ ሰርቪስ» ይሉታል።

ዘንድሮም ሰርቪሱ በሰላም ተጠናቀቀ። በነጋታው ማለዳ ዳምጠው ተሳፋሪ ሞልቶ ሞተሩን አስነሣ፤ ፍሬኑን አንድ ጊዜ ረገጠው። እግሩ የወለሉን ምንጣፍ ነካ። ከኋላው አንዲት እናት ሕፃን ታጠባለች። ሞተሩን አጠፋና ወርዶ ቁልፉን አጠገቡ ለቆሙት ባለንብረት ዘረጋ።

«ይቺን ይዤ ጣርማ በርን አልወርድም።»

ወደ ማኅበሩ ቢሮ የተጎተተውም በዚህ ምክንያት ነው። በመንገድ ላይ ነገሩን በሁለት በኩል መዘነው። ከተራ ከተሰረዘ በዚህ መናኸሪያ ዳግመኛ መሪ የሚያስጨብጠው የለም፤ ከነዳ ደግሞ የሚሰረዘው ከተራ ብቻ አይሆንም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሻምበል ይርዳው ጡረታ ከወጡ በኋላም ደንብ ሲነሣ ወገባቸውን ቀጥ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። አቶ ወንድይፍራው ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«ሻምበል፣ ወጥተው ይዩልኝ! የቦሎው ሙጫ እንኳ አልደረቀም! ስንት ባለሙያ መርምሮ ያሳለፋትን መኪና ይሄ ሰውዬ አልነዳም ይለኛል። ከመርማሪው እሱ ሊያውቅ ነው?»

ሻምበል ወደ ዳምጠው ዞሩ።

«ደንቡን ታውቀዋለህ። ምርመራ ያለፈችን መኪና ያለ በቂ ምክንያት ያቆመ ሾፌር ከተራ ይሰረዛል። እንግዲህ ንገረኝ፤ አልፋለች ወይስ አላለፈችም?»

«አልፋለች፣ ሻምበል።»

«ሳይገፏት? ሳይለማመጡላት?»

«ምን ልለማመጥ! በማዕረግ ነው ያለፈችው።»

«ሰሙልኝ?» አቶ ወንድይፍራው እጃቸውን አጨበጨቡ። «በገዛ አፉ! አሁን ይጻፉልኝና ይሰረዝ!»

ሻምበል ብዕራቸውን አነሡ። «ታዲያ ያለፈችውን መኪና የማትነዳው ለምንድን ነው?»

ዳምጠው ኮፍያውን አወለቀ።

«ያለፈችውንማ ከትናንት ማታ ጀምሮ የአቶ ልሳኑ ሾፌር ነው የሚነዳት፣ ሻምበል። ጎማውም፣ ፍሬኑም፣ ራዲያተሩም፣ ቺንጋውም ወደዚያ ግቢ ተመልሷል። ከተመረመረው ለእኔ የተረፈኝ ቦሎው የተለጠፈበት የፊት መስታወት ብቻ ነው። ደንብ አላፈርስም፤ መስታወቱን ያስፈቱልኝና እሱን ተሸክሜ ጣርማ በርን በእግሬ እወርዳለሁ!»

ሻምበል ሳቃቸውን ሳል ለማስመሰል ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ብዕሩን አስቀመጡና ሚኒባሷ ከጋራዥ እስክትወጣ ተራ እንዳትገባ አዘዙ። በቀጣዩ ሰኞ አቶ ወንድይፍራው ከጋራዡ በር ላይ ቆመው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ፦ «እኔ እኮ መኪና ሳይበላሽ ማሠራት ነው የምወደው!» ሲሉ ተሰሙ።