የደምለው የድንች ጉድጓድ

ሰው ለእንግዳ ብሎ ከአቅሙ በላይ ሲንደፋደፍ ያዩ የጉና ግርጌ ሽማግሌዎች አንዲት ቃል ጣል ያደርጋሉ። ወጣቶቹ ቤት ስለምትመታ ይወዷታል፤ ሰርግ ቤት ሳይቀር እየተሳሳቁ ይሏታል። እኔ ግን አልስቅባትም። ያቺ ቃል የወጣችው ከሳቅ ቤት አይደለም።

ከመንደሩ ተለይቶ፣ ከወንዙ ወዲህ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ለብቻው የሚኖር ደምለው የሚባል ገበሬ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ታታሪ፣ ቤቱን የሚወድ፣ ለተቸገረ የሚደርስ ነው። አንድ በሽታ ብቻ ነበረበት፤ ይሉኝታ። ሲያርስ ምን ይሉኛል፣ ሲበላ ምን ይሉኛል፣ ሲያስነጥስ እንኳ ምን ይሉኛል የሚል ሰው ነበር። ሚስቱ አንጓች፣ «አንተ እኮ የምትኖረው ከእኔ ጋር ሳይሆን በሰው አፍ ውስጥ ነው» ትለው ነበር።

በዚያ አገር የበልግ ድንች ሰኔ ላይ ይቆፈርና ለክረምቱ በጉድጓድ ይቀመጣል። ጉድጓዱ አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ውስጡ ጭድ ይነጠፍበታል፤ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል። ድንቹን የመምረጡ ሥራ የአንጓች ነበር። ዶማ የቆረጠውን ለዕለት ወጥ ትለያለች፤ ፀሐይ አግኝቶት አረንጓዴ የሆነውን ለዘር ታስቀምጣለች። ድፍኑን ጥላ ሥር አስጥታ ልጣጩን በአውራ ጣቷ ታሸዋለች። ከተላጠ ገና ነው፤ አልላጥ ካለ ጉድጓድ ይገባል።

በዚያ ዓመት ግን ዝናቡ ቀደመ። የመንደሩ ሰው ድንቹን ከቶ ጨርሷል፤ የደምለው ገና ደጅ ላይ ተሰጥቷል።

«ትንሽ ታገሠኝ» አለችው አንጓች። «ቤት እናስገባውና ይድረቅ። እርጥቡ ከገባ ይበሰብሳል፤ አንዱ ሲበላሽ ደግሞ ሌላውን ይዞ ነው የሚሄደው።»

«ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሁሉ በደጄ ነው የሚያልፈው። ይኼ ሁሉ ተዘርግቶ ሲያዩ ሰነፍ ይሉኛል!»

እርጥቡንም፣ ዶማ የነካውንም፣ ጭቃ የያዘውንም ጠርጎ ከተተ። አፉን መረገው፤ ነገሩም ተረሳ።

ፍልሰታ ገባ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ከላይ ከደጋው ጭቃውን እየረገጡ ደጁ ደረሱ። መሪያቸው ግራዝማች ይርዳው፣ አገር የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። የመጡበትን ባይናገሩም ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ደምለው ይታይሽ የምትባል ለትዳር የደረሰች ልጅ አለችው። ደስታውና ድንጋጤው አንድ ላይ መጣበት።

«ምንም እንዳትቸገሩ» አሉ ግራዝማች ገና ሳይቀመጡ። «እኔ ስለት አለብኝ፣ እህል የምቀምሰው ማታ ነው። እነሱም ቅዳሴ ሳይወጣ አይበሉም። ቃላችንን ሰምታችሁ ብትሸኙን ይበቃናል።»

እውነታቸውን ነበር። ግን የትኛው እንግዳ ነው «ርቦኛል፣ ቶሎ አምጡ» ብሎ የሚያውቀው? እኛ አገር የጠገበም የተራበም «አትቸገሩ» ይላል፤ ባለቤቱም ይህን ሲሰማ መቸገር ይጀምራል። ደምለው ሚስቱን ወደ ጓዳ ጠርቶ የሚበላ ምን እንዳለ ጠየቃት።

«ሽሮ አለ፣ ጎመን አለ።»

«ለልጄ ለመጡ ሰዎች ሽሮ? ድንች ወጥ ይሠራ። ጉድጓዱን ልክፈተው።»

«ክፈተው፤ ግን ሳይናፈስ እንዳትገባ። ኩራዝ አውርደን እንየው።»

ታፍኖ የከረመ ጉድጓድ ሰው እንደሚገድል በዚያ አገር ሕፃንም ያውቃል። ከተከፈተ በኋላ ግማሽ ቀን ይናፈሳል፤ ከዚያ የበራ ኩራዝ በገመድ ይወርድበታል። መብራቱ ከጠፋ ማንም አይገባም። ደምለውም ይህን አልሳተውም።

ድንጋዩን ሲያነሳው የወጣው ሽታ አንጓችን ወደ ኋላ መለሳት።

«በስብሷል! ተው ደምለው፣ በእመቤቴ ተው!»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙናል!» አለ በሹክሹክታ። «እንግዳ አስቀምጬ ጉድጓድ ሳናፍስ ልዋል? የተበላሸው ከላይ ያለው ነው፤ ሥሩ ደህና ነው። አንድ ቁና ይዤ ብቅ እላለሁ።»

ነጠላውን አፍንጫው ላይ ጠምጥሞ ቁልቁል ገባ።

ድንች ሲንከባለል ተሰማ። ከዚያ ምንም አልተሰማም። አንጓች ስሙን ጠራች፤ ደግማ ጠራች። እሪ ስትል እንግዶቹ ተንጋግተው ወጡ። ከመካከላቸው ጠንከር ያለ ጉልበት የነበረው አንዱ ጋቢውን ጥሎ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሲሰድ፣ አንጓች ወገቡን ጨምድዳ ያዘችው።

«ልቀቂኝ! ሰው እየሞተ ነው!»

«ሞቷል! እርስዎም ይሞታሉ። አልለቅም!»

ይታይሽ «እማዬ ልቀቂያቸው! አባቴን ያውጡልኝ!» እያለች የእናቷን እጅ ትቧጥጥ ነበር። አንጓች አልለቀቀችም። እኔ ይህን ሳስብ ከሟቹ ይልቅ ለእሷ አዝናለሁ። ባሏ እግሯ ሥር ወድቆ፣ ልጇ እየረገመቻት፣ የሌላ ሴት ባል ለማትረፍ ጥርሷን ነክሳ ቆመች። መቼም እንዲህ ያለውን ቀን ለጠላትም አይስጠው።

ኩራዝ አወረዱ፤ ጠፋ። በቅጠል አራግበው ደግመው አወረዱ፤ አሁንም ጠፋ። በመጨረሻ ጫፉ ቆልማማ የሆነ ረጅም እንጨት ፈልገው ልብሱን ጠልፈው ጎተቱት። ሲወጣ ነጠላው አፍንጫው ላይ እንደተጠመጠመ ነበር።

መንደሩ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ሞልቶ ስለነበር ለቅሶውን የሰማ ዘመድ ዳር ቆሞ ከማልቀስ በቀር መሻገር አልቻለም። ሬሳውን የገነዙት፣ ቃሬዛውን የተሸከሙት፣ መቃብሩንም የቆፈሩት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። የመጡበትን ጉዳይ ማንም አላነሳም፤ ጋብቻውም በዚያው ቀረ።

በማግስቱ ውሃው ጎደል ሲል የተሻገረው ሰው ግራዝማችን እስከ ክንዳቸው ጭቃ ሆነው ከመቃብሩ ራስ አገኛቸው። «ምን አግኝቶት ነው? ከትናንት ወዲያ ደህና አልነበረም እንዴ?» እያለ ከበባቸው።

ሽማግሌው አካፋቸውን ተደግፈው፣ «ምን ልበላችሁ ወገኖቼ» አሉ፤ «እንግዳ ያፈረ፣ በእንግዳ ተቀበረ።»